«ቴስታታ ቀይር» ከመባልህ በፊት፦ ዋን ኬዜድ ሞተርና የአባይ በረሃ ዳገት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ1997 ሞዴል ፕራዶ ገዝቻለሁ፤ ሞተሩ ዋን ኬዜድ ቱርቦ ናፍጣ ነው፣ ማርሹ በእጅ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ከአዲስ አበባ ስመለስ ግን አባይ በረሃን ወጥቼ ደጀን ልደርስ ስል የሙቀት ጌጁ ይነሳል፣ ትርፍ ውሃ መያዣው ውሃ ይተፋል። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ እንዲያውም ባሰበት። ሌላው ‹ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ አዲስ ግዛ› አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ‹ይሄ ሞተር ድሮም ችግረኛ ነው፣ ሙሉ ሞተር ቀይር› ይላል። ሞቆ ከጠፋ መልሶ ለመነሳትም ያስቸግራል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አለው። ምን ይሻለኛል? ልሽጠው ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትሽጠው። ቴስታታም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ራስ) ገና አትግዛ። የነገርከኝ ምልክት ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ መሰንጠቁን አያረጋግጥም። የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ)፣ የላላ የራዲያተር ክዳን ሁሉም ይህንኑ ምልክት ያመጣሉ። ዋን ኬዜድ ከሙቀት ሌላ በቀላሉ የሚገድለው ነገር ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ ቴስታታ ቢገባ፣ አዲሱም በዚያው ሙቀት ይሰነጠቃል። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ማለት ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የያዝከውን ሞተር እወቀው። ቶዮታ ይህን ሞተር ያወጣው በ1993 ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሞተሩ መጠን 2,982 ሲሲ ነው። አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍት አንድ ካምሻፍት። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 103 ሚሊ ሜትር፣ እመቃው 21.2 ለ 1 ነው። ኢንተርኩለር (ቱርቦው የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዝ) የሌለው ከ125 እስከ 130 የፈረስ ጉልበት በ3,600 ዙር ይሰጣል። የመጎተት አቅሙ በ2,000 ዙር 290 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ኢንተርኩለር የተገጠመለት ከ140 የፈረስ ጉልበት በላይ ይደርሳል። ቱርቦው ሲቲ12ቢ የሚባለው ነው፤ በዘይት ይቀባል፣ በውሃ ይቀዘቅዛል። የናፍጣ ፖምፓው የድሮው ዓይነት አከፋፋይ ፖምፓ ሆኖ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የተጨመረበት ነው። ፕራዶ 90 የሚባለው ያንተ መኪና በ1996 ሲወጣ ይህንኑ ሞተር ይዞ ነው።

ደካማ ጎኑ ከአሠራሩ ይመጣል። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም። ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተረጭቶ እዚያው መቃጠል ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ሲሊንደር ይወጣል። ይህ ሞተሩን ለስላሳና ጸጥተኛ ያደርገዋል። ግን ብዙ ሙቀት ቴስታታው ላይ ይቀራል። ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የታችኛው አካል) ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ውሃው በትክክል እስከዞረ ድረስ ችግር የለም። ውሃው ከጎደለ ወይም ከፈላ ግን ቴስታታው ይጣመማል፣ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ይለቃል። በሁለቱ ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለችው ቀጭን ቦታም ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ትከፈላለች። «ድሮም ችግረኛ ነው» ያለህ መካኒክ ከባዶ አልተነሳም። ነገር ግን ችግሩ ሳይሞቅ አይመጣም። ሙቀቱ ተጠብቆለት ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠ ዋን ኬዜድ ብዙ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። የአባይ ድልድይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ሁሉ ከፍታ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ትወጣዋለህ። ሥሩ ላይ አየሩ ይጋረፋል፣ ፍጥነትህ ዝቅተኛ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ያለማቋረጥ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ነው። ራዲያተሩ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ከዚህ ዳገት የተሻለ ፈታኝ የለም። ከተማ ውስጥ ምንም አለማለቱ ታዲያ አይግረምህ። ከተማ ውስጥ ራዲያተሩ ግማሹ ቢደፈንም የቀረው ግማሽ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። በደጀንና በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በደህና ቀኑም ወደዚያ የተጠጋ ሙቀት ላይ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ደጀን ላይ ውሃ ይተፋል። ከሚቀየረው ሁሉ መጀመሪያ ይህ ይሁን፦ ክዳኑን በአዲስ ቀይር። ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ለመኪናህ የታዘዘው ይሁን። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ይሄ ነው፤ ከሁሉም የሚረሳውም ይሄው ነው።

ቴርሞስታቱን አስመልስ። ይህን አጥብቄ የምነግርህ አገራችን ውስጥ የተለመደ ስህተት ስለሆነ ነው። «አገሩ ሞቃት ነው፣ ምን ያደርጋል» ይባላል። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ ውሃውን ሞተሩ ውስጥ ብቻ ያዞራል። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍትና፣ ከኋላው ባለች ትንሽ ሰሃን ያንን አቋራጭ ይዘጋዋል። አውጥተህ ከጣልከው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ከሚዞረው ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል። ዳገት ላይ ግን እንዳልከው ይብስበታል። አዲስ ስትገዛ ያችን የኋላ ሰሃን የያዘ፣ ለዚህ ሞተር የተሠራ መሆኑን እይ። በውሃ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቀህ መከፈቱን ማየት ትችላለህ። ስትገጥመው ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ከዚያ ራዲያተሩ። ጎጃም ውስጥ የራዲያተር ጠላት ሁለት ነው፤ ውጩን ጭድና ጭቃ፣ ውስጡን የመንገድ ዳር ውሃ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ የጤፍ ብናኝና ገለባ ይነሳል። ክረምት ላይ የገጠር መንገድ ጭቃ ይመጣና ከዚያ ገለባ ጋር ይለነቃል። ፕራዶው ኤሲ ካለው ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ራዲያተር አለ። ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስልሃል። ቆሻሻው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ኮፈኑን ክፈትና ከላይ በኩል ባትሪ አብርተህ በመካከላቸው ቁልቁል ተመልከት። ብዙ ጊዜ ከታችኛው ሲሶ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ የገለባና የጭቃ ድርብርብ ታያለህ። በኃይለኛ የውሃ መርጫ ከፊት አትርጨው፤ ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ክንፎቹንም ያጣምማል። ራዲያተሩ ተፈቶ ይውጣና ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ ይታጠብ።

ውስጡን ለማወቅ ደግሞ ይህን አድርግ። ሞተሩን በደንብ አሙቀህ አጥፋ። ቬንትሌተሩ መቆሙን አረጋግጥና የራዲያተሩን ፊት በመዳፍህ ቀስ ብለህ ዳስስ። ኤሲው ከጋረደብህ ከኋላ በኩል በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ማየት ይቻላል። ሙቀቱ ከጫፍ ጫፍ ቀስ በቀስ መለወጥ አለበት። መሃል ላይ ቀዝቃዛ ሰንበር ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። የተደፈነ ራዲያተር በአሲድ ታጥቦ ለጊዜው ይሻለዋል። ነገር ግን ለአባይ በረሃ የምትተማመንበት አይሆንም። የውስጡ ቱቦ በአዲስ ይቀየር፣ ወይም ራዲያተሩ ሙሉ ለሙሉ ይለወጥ። ከዚህ ሁሉ ወጪ የማትቆጨው ይሄኛው ነው።

ከዚያ በኋላ የምትሞላው ውሃ ኩላንት ያለበት ይሁን፤ ኩላንት ግማሽ፣ የተጣራ ውሃ ግማሽ። «ደብረ ማርቆስ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልኛል» እንዳትል። ኩላንት አሉሚኒየሙን ከመበላት ይጠብቀዋል፣ የመፍያውን ዲግሪም ከፍ ያደርገዋል። የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ግን ማዕድን አለው። ሲሞቅ ማዕድኑ ቱቦው ላይ ይጋገራል። መንገድ ላይ ግድ ሆኖ ከሞላህበት ቤትህ ስትደርስ አስወጥተህ ቀይር።

ቬንትሌተሩ የሚዞረው በመሃሉ ሲሊኮን ዘይት ባለው ክላች ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ክላቹ ይጨብጥና በኃይል ይነፍሳል። ዘይቱ ካለቀ ይዞራል እንጂ አይነፍስም። ሞተሩን አሙቀህ ካጠፋህ በኋላ በእጅህ ግፋው። ከበድ ብሎ ወዲያው መቆም አለበት። በነጻነት ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ ደክሟል። ሲሊኮኑን በትክክለኛው ውፍረት የሚሞላ ባለሙያ ካገኘህ ሳትቀይረው ሊድን ይችላል። አንዳንድ ጋራዥ ቬንትሌተሩን በብየዳ ያስሩታል። አታስደርግ፤ ጉልበት ይበላል፣ የውሃ ፖምፓውን ኩሽኔታም ይጎዳል። በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ መከለያም ተሰብሮ ከወጣ ቬንትሌተሩ የሚስበው አየር ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሳይነካ በፊት ግን ቴስታታውን ፈትን። ጋራዥ አያስፈልግህም፣ ጠዋት ብቻ ያስፈልግሃል። ማታ መኪናውን በደንብ ነድተህ አቁመው። ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እያለ፣ ሳታስነሳው፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ጤነኛ ከሆነ ዝም ይላል። «ጽስ» ብሎ ግፊት ከወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆየው ግፊት የውሃ እንፋሎት አይደለም፤ እንፋሎት ቢሆን ሲቀዘቅዝ ይጠፋ ነበር። ከሲሊንደር ያመለጠ የጭስ ግፊት ነው። ከዚያ ውሃውን እስከ አፉ ሙላና ክዳኑ ተከፍቶ እያለ አስነሳ። መጀመሪያ ላይ የተወሰነ አየር ይወጣል፣ እሱ አያስደንግጥህ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትሰጠውም የሚጨምር ከሆነ፣ ነገሩ ከባድ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ አጥፋና ክዳኑን መልስ። በሌላ ጠዋት ደግሞ ክዳኑን ዘግተህ አስነሳና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨብጥ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ጎማው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ይህም ምስክር ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የኬሚካል ፈተና ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ መሣሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል። ከውሃው የሚወጣው አየር የቃጠሎ ጭስ ካለበት ፈሳሹ እንደ ዓይነቱ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። መሣሪያው ውድ አይደለም። «ተሰንጥቋል» ያለህ መካኒክ ይህን ሳያደርግ ከፈረደ፣ ፍርዱ ግምት ነው። የሞተር ዘይቱ ወተት አለመምሰሉንም እይ፤ ግን ዘይቱ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ቴስታታው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የዚህ ሞተር ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ጭስን ወደ ውሃ ይለቃል እንጂ ውሃን ወደ ዘይት አይለቅም።

ፈተናው ንጹሕ ከሆነ ደስ ይበልህ። ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ራዲያተር፣ የቬንትሌተር ክላች፤ በዚህ ይጨርሳል።

ተሰንጥቆ ከተገኘ ደግሞ አሉሚኒየሙን በያጁ አትመን። አንዳንዱ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል የተበየደ ቦታ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ተመልሶ ይከፈታል። አዲስ ቴስታታ ግዛ። ጋስኬት ሲገዛ ተጠንቀቅ፦ የዚህ ሞተር ጋስኬት በተለያየ ውፍረት ይመጣል። የትኛው እንደሚገባ የሚታወቀው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በመለኪያ ሲለካ ነው። ሳይለካ «ያው ነው» ተብሎ የገባ ጋስኬት ወይ እመቃውን ያበላሻል ወይ ቶሎ ይለቃል። የብሎኩም ፊት ቀጥ ማለቱ በቀጥታ ብረት ይታይ። ቡሎኖቹን በአዲስ መለወጥ ይሻላል፤ የሚጠብቁትም በመለኪያ ቁልፍ ነው፣ በክንድ ግምት አይደለም። ቴስታታው እንደወረደ የታይሚንግ ቺንጋውና (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ) መወጠሪያው አብረው ይቀየሩ።

ስለ ቺንጋው ካነሳን፣ ገዝተህ ከሆነ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ አለህ? ከሌለህ ዛሬ ቀይረው። በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ስለ ራዲያተር የምናወራው ሁሉ ይረሳል። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» (T-BELT) የምትል መብራት አለች፤ አለመብራቷ ግን ምንም አይነግርህም፤ ማንም ሰው ወደ ዜሮ ሊመልሳት ይችላል።

ሞቆ ሲጠፋ መነሳት ያስቸግራል ብለሃል። ይህ ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ሊመስልህ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በፍጥነት ያዞራል ወይ? ሞቆ ሲሆን የሚጎትት ከሆነ ባትሪውን፣ የባትሪውን ጫፍና የሞተሪኖውን ውስጥ የመዳብ መገናኛዎች እይ። የቶዮታ ናፍጣ ሞተሪኖ መዳቡ ሲበላ «ቀጭ» ብቻ እያለ ይቀራል። መዳቡን መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ካልተነሳ ግን ጣትህን ወደ ናፍጣ ፖምፓው ቀስር።

ቀላል ፈተና አለ። ሞቆ እምቢ ሲልህ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ንከርና ፖምፓው ላይ ጠቅልለው። ሞተሩ የጠፋ ይሁን፤ በባልዲ ውሃ አትድፋበት፤ ኤሌክትሪክ መሰኪያዎቹንም አታርጥብ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቅና አስነሳ። ወዲያው ከተነሳ የፖምፓው ውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላው ክፍተት ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ለማስነሳት የሚበቃ ግፊት አይፈጠርም። ሲቀዘቅዝ ይወፍርና ይሠራል። ናፍጣ የሚለቀውን ኤሌክትሪክ ቫልቭም አስፈትሽ፤ እሱ ብቻውን ሲደክም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፣ ከሙሉ ፖምፓም ይረክሳል። ፖምፓው ራሱ ከሆነ ግን በመፈተሻ ማሽን ለሚለካ ቤት ስጠው። በዓይንና በጆሮ የሚስተካከል ፖምፓ አይደለም።

ፖምፓውን ምን ይበላዋል? ይህ ፖምፓ የሞተር ዘይት አይደርሰውም፤ የሚቀባው ራሱ ናፍጣው ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ችግሩ ይገባኛል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ፖምፓው ደርቆ ይሠራል። ውሃ ካለበት ደግሞ ይዝጋል። ግድ ሆኖ ከገዛህ አሳድረው፣ ከላይ ከላዩን በወንፊትና በጨርቅ አጥልለህ አስገባ፣ የታችኛውን ተወው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየጊዜው ከፍተህ ውሃውን አውርድ። ፊልትሮውን ከመጽሐፉ ትእዛዝ ቀደም ብለህ ብትቀይር አትጎዳም።

ጥቁር ጭሱ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ይደክማል፤ ትንሽ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ እንኳ ወዲያው ይታወቃል። ፊልትሮውን አውጥተህ ብርሃን አሳየው። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን ትልቅ ጎማ ከሥሩ ዳስስ፤ ሲሰነጠቅ ዳገት ላይ «ፉሽ» የሚል ድምፅ አለው። ወደ ቱርቦ ግፊት መለኪያው የምትሄድ ቀጭን ጎማም አለች። በጥላሸትና በዘይት ትደፈናለች፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ግፊቱን በትክክል አያይም፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። አውጥተህ በአፍህ ንፋበት፤ ካላለፈ ቀይራት። እነዚህ ንጹሕ ሆነው ጭሱ ከቀጠለ ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሽ። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጭስ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ያቺን የቴስታታ ቀጭን ቦታ ከመጠን በላይ ያግላታል። ስለዚህ የጭሱ ጥያቄ ከሙቀቱ ጥያቄ ጋር እዚህ ላይ ይገናኛል። ነጭ ጭስ ጠዋት ላይ ካየህ፣ የውሃውም መጠን ከቀነሰ፣ ወደ ቴስታታው ፈተና ተመለስ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው፤ የፒስተን ፋሻ ወይም ቱርቦ ደክሟል።

የኮምፒውተሩን ስህተት ለማንበብ ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግህም። ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ክፈት። የሞተር ምልክቷ መብራት በብልጭታ ትቆጥርልሃለች። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ቆም፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ጠቋሚው ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። ሌላ ቁጥር ካየህ ጽፈህ ያዝ።

አሁን አነዳድ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የውሃው ሙቀት ከፍና ዝቅ ሲል መሃል ላይ ተረጋግቶ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲነሳ ካየኸው ነገሩ ቀድሞ ጀምሯል። የራሱ መለኪያ ያለው፣ ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ ጌጅ ብታስገጥም ለዚህ መንገድ ትልቅ ነገር ነው።

ከድልድዩ ስትነሳ በአራተኛ ማርሽ አታስጨንቀው። ዝቅ ብለህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ፣ 2,500 ዙር አካባቢ ያዘው። ዙሩ ከፍ ሲል የውሃ ፖምፓውም ቬንትሌተሩም ይፈጥናሉ። በከባድ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ረግጠህ ስትወጣ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ማቀዝቀዣው ይቀንሳል። ኤሲ ዝጋ። ከተቻለ በጠዋት ውጣ። ቀስቱ መነሳት ከጀመረ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈትና መስኮት አውርድ፤ ይሞቅሃል፣ ግን ሞተሩን ያግዘዋል። ካልወረደ አስተማማኝ ቦታ ላይ ቁም። ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፤ ቆሞ ትንሽ ከፍ ባለ ዙር ይሥራና ይቀዝቅዝ። ውሃው ከፈሰሰ ግን አሁኑኑ አጥፋ። ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈት፤ ፊት የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ። የጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ያልተሰነጠቀውን ቴስታታ የሚሰነጥቅ ሥራ ነው።

ደጀን ስትደርስ ለቡና ቸኩለህ ቁልፉን አትዝጋ። ቱርቦው ዳገቱን ሙሉ ግሏል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይሥራ። ወዲያው ሲጠፋ የቱርቦው ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። የሞተር ዘይቱም በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ ወደ 7 ሊትር ይወስዳል፣ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ይሁን።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ። «ሙሉ ሞተር ቀይር» የሚለውን አልደግፍም። ያገለገለ ሞተር ብትገዛ ያው ዋን ኬዜድ ነው፤ ዕድሜውም ያው ነው። ቴስታታው ስንት ጊዜ እንደሞቀ አታውቅም። የያዝከው ሞተር ዘይት ካልበላ፣ የአራቱ ሲሊንደር እመቃ ሲለካ ከተቀራረበ፣ ከታች ያለው ክፍል ጠንካራ ነው። ሌላ ዓይነት ሞተር ማስገባትም ይቻላል ይሉሃል። ቱርቦ የሌለው ካስገባህ በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ጉልበቱን አየሩ ይወስድብሃል። አዲሱን ባለ ኮመን ሬል (ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር የሚረጭ) ካስገባህ ደግሞ ሽቦና ኮምፒውተር አብሮ ይመጣል፣ ናፍጣውም ከዚህኛው ይበልጥ ንጹሕ መሆን አለበት። ስለዚህ ገንዘብህን ራዲያተሩ ላይ አውለው።

አሁን ባለበት ሁኔታ ወደ በረሃው አትውረድ። ከሁሉ በፊት የጠዋቱን የክዳን ፈተና ሁለት ቀን በተከታታይ አድርግ። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ወደ ቡሬና እንጅባራ ነድተህ ሞክረው፤ ዳገቱ የዋህ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ የውሃውን መጠን እይ፤ ካልቀነሰ በደጀን በኩል ወደ ድልድዩ ውረድና ከዚያ ተነስተህ ውጣ። ስትጽፍልኝ ክዳኑ ሲከፈት ምን እንዳለ፣ ኬሚካሉ ምን ዓይነት ቀለም እንደሰጠ፣ በእርጥብ ጨርቁ ተነስቶ እንደሆነና መብራቷ የቆጠረችውን ቁጥር ጨምርልኝ። ስለ ፖምፓው ያን ጊዜ በደንብ እናወራለን።